የጓያ በሽታ

የጓያ በሽታ ወይም ኒውሮላቲሪዝም ጓያን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ በመብላት የሚመጣ የእግር ሽባነት ነው። በኢትዮጵያ በብዛት ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በደምቢያና በፎገራ ከ1000 ሰዎች በአማካይ 6ቱ ታመው ተገኝተዋል።

መንስኤው በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ስለሚመስል፣ እንቅስቃሴን የሚያዝዙ የአንጎል ነርቮችን ከልክ በላይ አነቃቅቶ ይጎዳል። ታማሚው በእግሩ ጣቶች ጫፍ፣ እግሮቹን እያጠላለፈ ይራመዳል፤ ሲብስም በምርኩዝ ወይም በዳዴ ይሄዳል። የማሰብ ችሎታው አይነካም፤ ሽባነቱ ግን አይድንም።

የፎገራ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ውኃው ሲጎድል ጓያ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ዛሬም ሩዝ በተመረተበት ማሳ ላይ ይዘራል። ድርቅንም ስለሚቋቋም ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጎተራ ውስጥ የሚተርፈው እሱ ነው፤ ስለዚህም በሽታው በችግር ዘመን ይበረታል።

ይበልጥ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። ጓያን በእሸትነቱ፣ በንፍሮ ወይም በቆሎ መልክ አዘውትሮ መብላት አደጋውን ይጨምራል፤ ከእህል ጋር ቀላቅሎ ማቡካት ይቀንሰዋል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም መርዙን ያሳንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። የጓያ እንፋሎት ያሳምማል የሚል እምነት አለ፤ በሽታው የሚመጣው ግን በመብላት ነው።