ጫማውን ሊጠይቅ የመጣ ሙት

ቫምፓየር ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ጥቁር ካባ የደረበ፣ ጥርሱ የሾለ መስፍን ነው። ከድሮ የመንግሥት መዛግብት የምናገኘው ግን ተራ ገበሬ ነው። ፔታር ብላጎዬቪች ይባላል። በሰርቢያ፣ ኪሲሊዬቮ በምትባል መንደር ኖሮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1725 ሞቶ ተቀበረ። ብዙም ሳይቆይ በ8 ቀን ውስጥ 9 ሰዎች ተከታትለው ሞቱ፤ ያመማቸው አንድ ቀን ብቻ ነበር። በጣር ላይ ሆነው ፔታር በእንቅልፋቸው መጥቶ አንገታቸውን አንቆ እንደያዛቸው ተናገሩ። ሚስቱ ደግሞ ጫማውን ሊጠይቃት እንደመጣ ተናግራ መንደሩን ጥላ ሄደች።

አካባቢው በ1718 በኦስትሪያ እጅ ገብቶ ስለነበር ነገሩን መዝግቦ ያቆየልን ፍሮምባልድ የተባለ ሹም ነው። መንደርተኞቹ መቃብሩን እንክፈት ሲሉ ከቤልግሬድ ፈቃድ እስኪመጣ ታገሡ ቢላቸው፣ እስከዚያ መንደሩ ባዶ ይቀራል ብለው አሻፈረን አሉ። መቃብሩ ተከፈተ። ሬሳው አልፈረሰም፤ ጢሙና ጥፍሩ እንደ አዲስ የበቀለ ይመስላል፤ አፉ ላይ ደም ይታያል። ሰዎቹ የሾለ እንጨት ደረቱ ላይ ሰክተው አቃጠሉት። ዛሬ ሐኪም ቢጠየቅ አይቸግረውም፦ ቆዳ ሲኮማተር ጥፍርና ጢም የረዘመ ይመስላል፤ በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ደም መሰል ፈሳሽ ወደ አፍ ይገፋል። እነዚያ ሰዎች ግን ሐኪም አልነበራቸውም። የነበራቸው 9 መቃብር ነው።

እኔን ይህን ዘገባ ባነበብኩ ቁጥር ከደሙ ይልቅ ጫማው ይይዘኛል። ባሏን የቀበረች ሴት በሌሊት ኮቴውን ብትሰማ ምን ይገርማል? እነሱ ሙቱን ጠረጠሩ፤ በእኛ አገር ግን ሞት ሲደራረብ ጥርጣሬው የሚያርፈው በሕያው ጎረቤት ላይ ነበር፤ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቤተ እስራኤሉ «ቡዳ» እየተባለ ስንት ግፍ ቀምሷል። ሬሳ ማቃጠል ክፉ ነው፤ ሕያው ሰው ማሳደድ ግን ይብሳል።

በ1732 ከሌላዋ የሰርቢያ መንደር፣ ከሜድቬጃ፣ የወጣው የወታደር ሐኪሞች ዘገባ «ቫምፓየር» የሚለውን ቃል በመላው አውሮፓ አዳረሰው። በ1755 እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ሐኪማቸውን ጌራርድ ፋን ስዊተንን አማክረው መቃብር ማስቆፈርን ከለከሉ። ሙቱ ከመንደር ተባረረ፤ ማረፊያ ያገኘው ደራሲዎች ዘንድ ነው።

በ1815 በኢንዶኔዥያ የታምቦራ ተራራ ፈነዳ፤ በማግስቱ ዓመት አውሮፓ በጋ አጣች። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት ያዋላቸው እንግሊዛውያን እያንዳንዳቸው አስፈሪ ታሪክ እንዲጽፉ ተስማሙ። የ18 ዓመቷ ሜሪ «ፍራንከንስታይንን» ጀመረች። የገጣሚው የሎርድ ባይረን ሐኪም የነበረው ወጣት ጆን ፖሊዶሪ ደግሞ ባይረን ጀምሮ የተወውን ታሪክ አንስቶ «ዘ ቫምፓየርን» ጻፈ። ገበሬው ጌታ ሆነ፤ ከሳሎን ሳሎን የሚዞር፣ ውብ፣ ልበ ቀዝቃዛ ጌታ፤ አሠሪውን ባይረንን ቁርጥ! በ1819 ሲታተም በባይረን ስም ወጣ። ፖሊዶሪ በ25 ዓመቱ ሞተ። አንድ ዘውግ የወለደ ሰው የሥራውን ስም እንኳ በወጉ ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ ርካሽ ተከታታይ መጽሔቶች፣ የደራሲው የሌ ፋኑ «ካርሚላ»፣ ከዚያ ብራም ስቶከር። የለንደን ቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጁ ስቶከር በ1890 በዊትቢ ከተማ ሲያርፍ፣ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው አንድ የታሪክ መጽሐፍ ላይ «ድራኩላ» የሚል ስም አየ። ትራንሲልቫኒያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በ1897 የታተመው መጽሐፉ ግን በማስታወሻ፣ በደብዳቤና በቴሌግራም የተገጣጠመ ስለሆነ ዛሬም ሰነድ የምናገላብጥ ያህል ይሰማናል። የፀሐይ ብርሃን ይገድለዋል የሚለው እምነት ከስቶከር የመጣ አይደለም፤ የእሱ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል። ያንን የጨመረው በ1922 የተሠራው «ኖስፌራቱ» የተባለው የጀርመን ፊልም ነው። የስቶከር ባለቤት ያለ ፈቃድ ተሠራ ብላ ከሳ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አስፈረደች፤ ደግነቱ ጥቂቶቹ ተርፈዋል።

ለእኔ ግን ወደዚያች ሰርቢያዊት ሐዘንተኛ የመለሰችን አሜሪካዊቷ አን ራይስ ናት። በ1972 ሴት ልጇ ሚሼል ስድስት ዓመት ሳይሞላት በደም ካንሰር ሞተችባት። በማግስቱ ዓመት እናትየው ቀደም ሲል የጻፈችውን አንድ አጭር ልብ ወለድ አውጥታ በጥቂት ሳምንታት ወደ ረጅም ልብ ወለድ አሳደገችው፤ በ1976 «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር» ተብሎ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ክላውዲያ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለች። ልትሞት ስትል ቫምፓየሮች ደማቸውን አጠጥተው ያተርፏታል። ዓመታት ያልፋሉ፤ አእምሮዋ ይበስላል፤ እጆቿ ግን የሕፃን እንደሆኑ ይቀራሉ።

ፓሪስ ስትደርስ ክላውዲያ ማድሌን ከምትባል አሻንጉሊት ሠሪ ጋር ትገናኛለች። ማድሌን ልጇ ሞታባታለች። ሱቋ በአሻንጉሊት ሞልቷል፤ የሁሉም ፊት አንድ ነው፣ የሟቿ ልጅ ፊት። ክላውዲያን ስታይ የምትመኘው እሷን የመሰለች፣ ከእንግዲህ የማትሞት ልጅ ነው።