ከቴፕ እስከ ቪዲዮ ካሜራ፦ በየቤታችን የተቀረጸው ታሪካችን

ስለ ማኅበረሰባችን ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ቴሌቪዥን ያሳየን ነገር ነው። አውሮፕላኑ፣ ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሕፃናት፣ መሬት የሚስሙ ሽማግሌዎች። እነዚህን ሁሉ የቀረጹት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እኛ ራሳችን የቀረጽነው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሳሎኑ ቡፌ ሥር፣ ከአልጋው በታች ባለው ሻንጣ ውስጥ፣ አንዳንዴም በረንዳ ላይ ካለው ካርቶን። ዘንድሮ በመጽሔታችን ልናወራ የፈለግነው ስለ እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቴፑ ነበር። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ትንሿን የድምፅ ካሴት ያወጣት በ1963 ነው። ለእኛ ግን ዋጋዋ የታወቀው ቤተሰብ ሲለያይ ነው። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1973 ግንኙነታቸውን አቋርጠው እስከ 1989 መጨረሻ ድረስ አልታረቁም። በዚህ መሐል በሱዳን በኩል የሙሴ ዘመቻ መጣ፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ገቡ፣ ወሬው ሲወጣም ዘመቻው ተቋረጠ። እናት ጎንደር፣ ልጅ አፉላ ሆኑ። ደብዳቤ ይጻፍ ቢባል የሚጽፍና የሚያነብ ሰው መፈለግ አለበት፤ የቤት ምስጢር ደግሞ በጎረቤት አፍ አይነበብም። ካሴት ግን አንባቢ አያሻውም። ቁልፉን ተጭኖ መናገር ብቻ ነው። የስልሳ ደቂቃ ካሴት በአንድ ወገን ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል፤ የእኛን ሰላምታ ለሚያውቅ ሰው ያ ለሰላምታው እንኳ ጥቂት ነው። ጤናችሁ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ እገሌስ ወለደች ወይ ሲባል ይገለበጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ቴፕ አዲስ ሲቀርጽ አሮጌውን እያጠፋ ነው የሚሄደው። መልሱ በዚያው ካሴት ላይ ተቀርጾ ከሆነ የመጀመሪያው ደብዳቤ የለም ማለት ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የድምፅ ካሴት ካለ፣ ላዩ ላይ የዘፋኝ ስም ቢጻፍበትም እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትጣሉት።

ወደ ቪዲዮው እንምጣ። ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ቪኤችኤስን በ1976 አወጡ። ያኔ ካሜራው ለብቻ፣ ዴኩ ለብቻ ነበር፤ ቀራጩ አንዱን በእጁ ይዞ ሌላውን በትከሻው ተሸክሞ፣ በገመድ ተያይዞ ይሄዳል። በ1983 ሶኒ ሁለቱን በአንድ ያደረገ ካሜራ ለቤት ሰው ሸጠ፤ እሱም መቅረጽ እንጂ መልሶ ማሳየት አይችልም ነበር። በ1984 ጄቪሲ የሚቀርጽም የሚያሳይም አነስ ያለ ካሜራ ይዞ መጣ፣ በ1985 ደግሞ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ካሴት ተከተለ። ዓመቶቹን ልብ በሉ፤ የሙሴ ዘመቻ ሰዎች ሲመጡ የቤት ካሜራም ገና መምጣቱ ነበር። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም፤ መርከዝ ክሊታ ውስጥ ያለ ሰው ምድጃና አልጋ ነው የሚያስበው። በ1991 ግንቦት በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲመጣ፣ ወገኖቻችን ሆቴል ውስጥ፣ ቀጥሎም በየካራቫኑ ሲሰፍሩ ነው ካሜራው በትክክል በመካከላችን መታየት የጀመረው። እንደኛ እምነት ደግሞ ካሜራ የአንድ ቤት ዕቃ አልነበረም። አንዱ ይገዛል፣ ዘመድ ሁሉ ይዋሰዋል። የአጎት ልጅ ሰርግ ላይ ካሜራ ይዞ የቆመ ልጅ እስክስታውን ሳይጨፍር ይመሻል፣ ምስኪን።

ለዚህም ነው ካሴቶቻችን በአብዛኛው የድግስ ካሴቶች የሆኑት። ሰርግ፣ ግርዘት፣ ባር ሚጽቫ፣ ሲግድ። አንድ ቪኤችኤስ ካሴት ሦስት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ሰዓት ሰዎች ሲበሉ ነው! ያ አያስቅም፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ለማን ተነሥተው ቦታ እንደለቀቁ፣ ቄሶቹ ሲገቡ ሰው እንዴት እንደሚሆን እዚያ ላይ ይታያል። የጎደለው ተራው ቀን ነው። አያት እንጀራ ስትጋግር፣ አባት ከፋብሪካ ሌሊት ሲመለስ፣ ካራቫኑ ውስጥ ዝናብ ሲንኳኳ የቀረጸ ሰው ብዙ አይገኝም። ባትሪውም አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው፣ ካሴቱም ገንዘብ ነው፤ ለጋገራ ማን ያባክነዋል?

አሁን ብዙዎቻችን ወደምናማርርበት ነገር እንምጣ። የድሮ ቪዲዮ ስናይ ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ጥለቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የአያታችን ፊት ግን ጠቁሮ ዓይኗ እንኳ አይለይም። ትልልቆቹ «እኛ ለፎቶ አንሆንም» ይሉ ነበር። ጥፋቱ የፊታቸው አይደለም። አውቶማቲክ ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ብርሃን በአማካይ ይለካል። ሲግድ ቀን አርሞን ሃነጺቭ ላይ ጸሐይ ወጥታ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ በነጭ ሲሆን፣ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ይልና የሌንሱን ቀዳዳ ያጠብባል። ነጩ ልክ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ጥላ ውስጥ ይገባል። በፎቶ ፊልሙም ዘመን ነገሩ አልተሻለም። ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነጭ ሴት ምስል ነበረበት፣ ካርዱም ሸርሊ ይባል ነበር፤ ቆዳዋ ካማረ ሥራው አለቀ። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እንደተናገሩት ቡናማ ቀለም በደንብ ይውጣ የሚለው ግፊት በብዛት የመጣው ቸኮሌታቸውና የእንጨት ዕቃቸው በፎቶ ላይ አላምር ካላቸው ነጋዴዎች ነው። ለሰው ፊት ሳይሆን ለቸኮሌት!

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፣ የሚነግረን ግን አልነበረም። በብዙዎቹ ካሜራዎች ጎን ላይ ባክላይት የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ስንጫን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፊቱም ይበራል። ነጩ ትንሽ ቢነጣ ይንጣ፣ ሰውየው ይበልጣል። ጸሐይዋን ከሰውየው ኋላ ሳይሆን ከጎን ማድረግ፣ ነጭ ግድግዳ አጠገብ አለማስቆምም ይረዳል። ዛሬ በስልክም ያው ነው፦ ፊቱ ላይ በጣት ነካ አድርጉ፣ በብዙ ስልኮች አጠገቡ ትንሽ የጸሐይ ምልክት ትወጣለች፣ ወደ ላይ ሳቡት። በቀደመው ቪዲዮ ላይም ጨርሶ ተስፋ አይቆረጥም፤ ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን ብቻ ከፍ ስናደርግ የጠፋ የመሰለ ፊት አንዳንዴ ይመለሳል።

ድምፁን እንጨምር። የካሜራው ማይክ ያለው ካሜራው ላይ እንጂ ተናጋሪው ዘንድ አይደለም። ሽማግሌው በአምስት ሜትር ርቀት ሲመርቁ ማይኩ የሚሰማው በቅርብ ያለውን የሕፃን ልቅሶና የሙዚቃውን ስፒከር ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሱዳን ካምፕ የሚናገር ሰው ስትቀርጹ አንድ ክንድ ያህል ቅረቡ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ማቀዝቀዣው የሚጮህ ከሆነም ወጥ ቤቱን ዝጉ። የደበዘዘ ምስል ይታያል፤ ያልተሰማ ቃል ግን የለም።

ካሴቱን ማዳን ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነው። ክሩ ላይ ያለው ማግኔት ከዓመት ዓመት ይደክማል፣ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል፤ የቤርሼባ በረንዳ በነሐሴ ለካሴት ምድጃ ነው። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴክ ውስጥ አትክተቱት፣ ዴኩንም ሌላውንም ካሴት ይበክላል፤ ለባለሙያ ስጡት። ዴኩም ራሱ እየጠፋ ነው። ቪኤችኤስ ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 አቁሟል። የአጎታችሁ ዴክ እየሠራ ከሆነ አሁን ነው።

መጀመሪያ፣ ካሴቱ ቪኤችኤስ ከሆነ፣ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያውቅ ሊቀርጽበት አይችልም። ቪኤችኤስና 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዴኩን ወይም ካሜራውን በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ከአንዲት ትንሽ መለወጫ ጋር አገናኝታችሁ ወደ ኮምፒውተር ታስገባላችሁ። ከ1995 ወዲህ የመጣው ሚኒ ዲቪ ከሆነ ራሱ ካሜራው በፋየርዋየር ገመድ ጥራቱ ሳይቀንስ ያስተላልፋል፤ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋ ያህል ቦታ ያዙለት። ማፍጠኛ የለውም፣ የሦስት ሰዓት ሰርግ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት እዚህ ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም ቀለም የሌለው ከሆነ አልተበላሸም፤ እነሱ ኤንቲኤስሲ፣ እኛ ፓል ስለሆንን ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ነው የሚፈልገው። ሲያልቅም ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

እነዚያን ሦስት ሰዓታት ብቻችሁን አትቀመጡ። እናታችሁን ወይም አያታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ቡናውም ይፈላ፣ ስልካችሁ ደግሞ ድምፅ ይቅረጽ። «ይቺ እኮ የእማሆይ ልጅ ናት፣ ያ ደግሞ አሁን የለም» የሚሉትን ቪዲዮው ራሱ አይናገረውም። ከምስሉ ሥር የሚታየውንም ቀን ዝም ብላችሁ አትጻፉ። የሰዓቱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ካሜራ ፋብሪካው ወደሞላለት ቀን ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜም ጃንዋሪ 1 ይላል፤ በጃንዋሪ 1 ሲግድ ተከብሮ አያውቅም፣ ሲግድ ሔሽቫን 29 ነው። ይልቅ በምስሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ እዩ። ካራቫን ከታየ ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ያሉት ዓመታት ሊሆኑ ይችላሉ። ልጆቹ በትከሻቸው ላይ የካርቶን ሳጥን አንጠልጥለው ከሆነ ያ የጋዝ ጭምብል ነው፣ ምናልባት የኢራቅ ሚሳይል የሚወርድበት የ1991 ክረምት ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ያንን የቀረጸው ሰው ከሰሎሞን ዘመቻ በፊት የመጣ ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም እናቱን ገና አዲስ አበባ ትቶ።