የጢስ ዓባይ ጢስ ወዴት ሄደ?

የቀድሞው የአንድ ብር ኖት በጀርባው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይዞ ነበር። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሳለ፣ ፏፏቴው ራሱ በበጋው ወራት ወደ ቀጭን ጅረት መለወጡን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ባሕር ዳር ከተማንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን መብራት ያገኙ ዘንድ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከፏፏቴው በላይ የተወሰነ ውኃ ተጠልፎ በቦይ ይመራል፣ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። መሐንዲሶች ይህን ዓይነቱን ጣቢያ ጉዳት አልባ ማለት ይወዳሉ። መሬት አያሰጥምም፣ ገበሬ አያፈናቅልም። እውነት ነው። ሆኖም በቧንቧው የገባው ውኃ ያን 45 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል አይዘልም። የመጀመሪያው ጣቢያ የወሰደው ጥቂት ስለነበረ ማንም አልታወቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2001 በሮቹ 7 ደረሱ፤ በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ግድብ የለውም የተባለው ጣቢያ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ሐይቅ የግል ጋኑ አደረገው ማለት ነው! ሀገሪቱ በድርቅ በተመታችበትና ሌሎቹ ግድቦች በጎደሉበት በ2003 ደግሞ ጉድለቱን ጣና ይሙላ ተባለ። ሐይቁ እጅግ ስለቀነሰ ጀልባዎች መጓዝ ተሳናቸው።

የውሳኔውን ባለቤቶች ፍጹም አልወቅሳቸውም። የሀገሪቱ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ድምር 500 ሜጋ ዋት ባልሞላበት ዘመን 73 ሜጋ ዋት ቀላል አልነበረም። የሚያንገበግበኝ፣ የፏፏቴው ዋጋ ከሒሳቡ ውስጥ ሳይገባ መቅረቱ ነው። ቱሪስት አስጎብኝቶ የሚያድረው የጢስ ዓባይ ነዋሪ በየትኛው ሚዛን ተመዘነ?

በ2010 ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ተመረቀ። ጢስ ዓባይ ተጠባባቂ ሆነ፤ ፏፏቴው ግን አላገገመም፤ ምክንያቱም የጣና ውኃ አሁን 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሻገራል፣ በፏፏቴው በኩል ጨርሶ አያልፍም።

ይሁንና በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ በኋላ «ሌላ ኃይል የለንም» የሚለው መከራከሪያ የቀድሞ ክብደቱን አጥቷል። በለስም ሆነ ዓባይ የሚደርሱት ወደዚያው ግድብ ነው። ስለዚህ በበጋ ወራት ለፏፏቴው የሚለቀቅ ውኃ በጣና በለስ ኃይል ይቀንሳል እንጂ ለሕዳሴው አይቀርበትም። ምን ያህል ይለቀቅ፣ በየትኛው ወር፣ በማንስ ፊት ተመክሮ የሚለውን ኃላፊነት ያለው ወገን በአደባባይ ይንገረን።