ኢንተርፖል

ኢንተርፖል የ196 አገሮች ፖሊሶች መረጃ የሚለዋወጡበት ድርጅት ሲሆን፣ መቀመጫው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው። በ1923 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪየና ላይ ተመሠረተ፤ ከ1938 ጀምሮ በናዚዎች እጅ ወድቆ ቆይቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እንደገና ተቋቋመ።

ፊልሞች ከሚያሳዩት በተለየ፣ ድንበር እየተሻገረ ተጠርጣሪ የሚይዝ የራሱ ፖሊስ የለውም። በጣም የሚታወቀው መሣሪያው «ቀይ ማስታወቂያ» ነው፤ ይህም ተፈላጊው ያለበት እንዲታወቅና ተላልፎ እስኪሰጥ በጊዜያዊነት እንዲያዝ የሚቀርብ ጥያቄ እንጂ የእስር ማዘዣ አይደለም። ምን ያህል ሕጋዊ ክብደት እንደሚሰጠው የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ነው።

ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። የድርጅቱ መተዳደሪያ ሕግ አንቀጽ 3 ፖለቲካዊ፣ ወታደራዊ፣ ሃይማኖታዊና ዘር ነክ ጉዳዮች ውስጥ እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ ሆኖም አንዳንድ መንግሥታት ተቃዋሚን በወንጀለኛ ስም ለማሳደድ በቀይ ማስታወቂያ እንደተጠቀሙ በተደጋጋሚ ተከሰዋል። ስሙ በማስታወቂያ የወጣ ሰው አቤቱታውን ለድርጅቱ የፋይሎች ቁጥጥር ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል፤ እስኪወሰን ግን ኤርፖርት ላይ መያዝ አይቀርለትም ይሆናል።

አሠራሩ ሲሰምር ውጤቱ ቀላል አይደለም። በ2020 አዲስ አበባ ችሎት ላይ ሳለ ያመለጠ የሰው አዘዋዋሪ፣ ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ ባስወጡበት ቀይ ማስታወቂያ በጃንዋሪ 2023 ሱዳን ውስጥ ተይዟል።