ከሎንዶን እስከ አውስትራልያ፤ ርቀቱና ጊዜው

ሁለት ከተሞች ምን ያህል እንደሚራራቁ ስንጠየቅ በካርታ ላይ ለክተን እንመልሳለን። መንገደኛው በስንት ጊዜ ይደርሳል ለሚለው ጥያቄ ግን ካርታ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ታሪክንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ምሳሌ ይሆኑን ዘንድ ሎንዶንንና ሲድኒን መርጠናል። በሁለቱ መካከል በአየር ያለው ቀጥተኛ ርቀት 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1919 ዓ.ም. የአውስትራልያ መንግሥት ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው በ30 ቀን ውስጥ በአይሮፕላን አውስትራልያ ለሚደርሱ የአገሩ ተወላጆች የ10,000 ፓውንድ ሽልማት መደበ። ሮስ ስሚዝና ወንድሙ ኪት፣ ቤኔትና ሺርስ ከሚባሉ ሁለት መካኒኮች ጋር ሆነው፣ ቪከርስ ቪሚ በተባለ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ኖቬምበር 12 ቀን ከሎንዶን አጠገብ ተነሡ። ዲሴምበር 10 ቀንም ዳርዊን ከተማ ገቡ።

የሄዱበት መንገድ 18,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በአየር ላይ የቆዩት ግን 136 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ሒሳቡን ብንሠራው በሰዓት 132 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ታዲያ ከ28ቱ ቀን የቀረው ጊዜ የት ዋለ ቢሉ፣ በምድር ላይ ነው። ነዳጅ መቅዳት፣ ሞተር መፈተሽ፣ ሌሊቱን ማሳለፍ ነበረባቸው። በጃቫ ደሴት፣ በሱራባያ ከተማ፣ አይሮፕላኑ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ አልነሣ ቢል፣ የአካባቢው ሰዎች የቀርከሃ ምንጣፍ አምጥተው መንደርደሪያ አነጠፉለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው በዚያ ታየ።

ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በዚያው ውድድር ከተነሡት ሌሎች ተወዳዳሪዎች መካከል አራቱ በአደጋ ሞተዋል። ሮስ ስሚዝና ቤኔትም በ1922 ዓ.ም. ሌላ አይሮፕላን ሲሞክሩ ወድቀው ሕይወታቸው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሳያጥር ጊዜው አጠረ። በ1935 ዓ.ም. መንገደኞች ከብሪዝበን ሎንዶን ለመድረስ 12 ቀን ተኩል ይፈጅባቸው ነበር። በ1947 ዓ.ም. ኮንስቴሌሽን የተባለው አይሮፕላን በየከተማው እያረፈ ከሲድኒ ሎንዶን በ4 ቀን ደረሰ። በ1989 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 747 ከሎንዶን ሲድኒ ድረስ ምንም ሳያርፍ በ20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ በረረ፤ ይህም የሆነው መደበኛ መንገደኞችን ሳይጭን ነው። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ከአውስትራልያዋ ፐርዝ እስከ ሎንዶን 14,498 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ የሚሄድ የዘወትር በረራ ተጀመረ፤ ጊዜውም 17 ሰዓት ያህል ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ርቀትን የሚያሸንፈው የሞተር ፍጥነት ብቻ አለመሆኑን ነው። የአብራሪው ስም በመጽሐፍ ይጻፋል፤ ሌሊት ሞተር ሲፈትሽ ያደረው መካኒክና ምንጣፉን ተሸክሞ የመጣው መንደርተኛ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። እኛ ተማሪዎች ርቀቱን በጊዜ ስናካፍል እነርሱንም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይገባናል።