የምርምርን ርእስ ስለ መምረጥና የቀደሙትን ጽሑፎች ስለ መመርመር
ከዓባይ ምንጮች ታሪክ የተወሰደ ትምህርት

ማናቸውም ምርምር የሚጀመረው በጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የሚጠራው ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ካወቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ርእስ መምረጥና የቀደሙትን ጽሑፎች መመርመር ሁለት ሥራዎች መስለው ቢታዩም፥ በእውነቱ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፥ ወደ ጋባ የሐይቅ ዳርቻ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ካንሳንጋ የሚባል ሰፈር አለ። ኢትዮጵያውያን ይኖሩበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የካምፓላ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሰፈር ይገኛል። በዚያ የሚማር ወጣት፥ እንደ እኛ ዕጩ መምህራን ሁሉ፥ «ስለ ምን ልጻፍ?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። መንገዱ የሚያደርስበት ታላቁ ሐይቅ የነጭ ዓባይ መውጫ ነው፤ የጥቁር ዓባይ ምንጭ ደግሞ በጎጃም፥ በሰከላ ምድር፥ ግሽ ዓባይ ነው። ሁለቱን አገሮች የሚያዛምደው የዚህ ወንዝ ታሪክ ለጥያቄው የሚሆን ትምህርት ስላለው፥ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ1610 ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል መነኵሴ በስፔን፥ በቫሌንሲያ ከተማ፥ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ከሰው አፍ የሰማውን አምኖ፥ በአምባ ላይ ስለ ተከማቸ ተቈጥሮ የማያልቅ መጽሐፍና ስለ ሌላም ድንቅ ነገር ጻፈ። በዚያን ጊዜ ከ1603 ጀምሮ በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ለዚህ መጽሐፍ መልስ እንዲጽፍ በአለቆቹ ታዘዘ። የፓኤዝ የታሪክ መጽሐፍ የተወለደው ከዚህ ነው። እርሱም የኡሬታን ቃል እየጠቀሰ፥ የአገሩን መጻሕፍት እያነበበ፥ የሚያውቁትን ሰዎች እየጠየቀ፥ ራሱ ያየውንም እየመሰከረ ነገሩን አንድ በአንድ መረመረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን አይቶ ጻፈ። እርግጥ ነው፥ ፓኤዝም የማኅበሩን ዓላማ ይዞ የጻፈ ስለ ሆነ ቃሉ ሳይመረመር አይወሰድም። ነገር ግን ርእሱን ያገኘበት መንገድ ሊታወስ ይገባል፤ የቀደመው ጽሑፍ ከአገሩ እውነት ጋር ያልተስማማበትን ስፍራ ፈልጎ፥ ሥራውን ከዚያ ጀመረ።

ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደዚሁ ምንጭ ደረሰ። ብሩስ ብዙ የደከመ፥ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትንም ሰብስቦ የወሰደ ሰው ነው። ሆኖም ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። የፓኤዝ ምስክርነት ግን በአታናሲየስ ኪርከር እጅ በላቲን ቋንቋ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የጀሮኒሞ ሎቦም ጽሑፍ በ1735 በእንግሊዝኛ ታትሞ ነበር። ብሩስ እነዚህን ጽሑፎች ያውቃቸው ነበር፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ግን እንዳይታመኑ ሊያደርጋቸው ሞከረ። እንግዲህ ስሕተቱ አለማንበብ ሳይሆን ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶ ማንበብ ነው። የፓኤዝ መጽሐፍ በሙሉ ሳይታተም በመቅረቱ አንባቢዎች ሁለቱን አስተያይተው ለመፍረድ ተቸገሩ፤ በሮም የታተመው ፓኤዝ ከሞተ ከሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1905ና በ1906 ነው። የሰከላ ሰዎች ግን ከሁሉም በፊት ምንጩን ያውቁትና ያከብሩት ነበር።

በዩጋንዳ በኩልም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ጆን ስፔክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1862 ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት በጂንጃ ቆሞ ያየውን ፏፏቴ በአንድ እንግሊዛዊ ጌታ ስም «ሪፖን» አለው። የአገሩ ሕዝብ ወንዙን «ኪይራ» ይለዋል። ፏፏቴው በ1954 በተመረቀው የኦወን ግድብ ውሃ ተውጦ ቀርቷል፤ ኪይራ የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። እንዲሁም የቡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አፖሎ ካግዋ የነገሥታቱን ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቀው በ1901 በሉጋንዳ ቋንቋ አሳተሙ። ምሁሩ ሰማኩላ ኪዋኑካ ያን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ያወጡት በ1971 ነው። ስለ ቡጋንዳ ስፔክን አንብቦ ካግዋን የተወ ሰው እኩሌታውን ብቻ አንብቧል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለመምህራን ምን ይጠቅማል? በማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶቻችን «የትምህርት ታሪክ በኢትዮጵያ» የሚል ርእስ ይዞ የሚመጣ ዕጩ መምህር ብዙ ነው። ይህ ርእስ የዕድሜ ልክ ሥራ እንጂ የአንድ መንፈቅ ሥራ አይደለም። «በወረዳችን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንዴት ተከፈተ?» ቢል ግን ምስክሮቹ በአጠገቡ ናቸው። በካንሳንጋ የሚማር ኢትዮጵያዊም የአገሩ ሰዎች ወደዚያ ሰፈር እንዴት እንደ መጡ ቢጠይቅ፥ ሊነግሩት የሚችሉት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሚያነበውን እያንዳንዱን ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ይመርምር፤ ጸሐፊው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ የጻፈው? መቼና ለማን ጻፈ? ከማን ጋር ይስማማል፥ ከማንስ ይለያል? ያነበቡትን በተርታ መዘርዘር ምርመራ አይባልም። ሁለት ምስክሮች በተለያዩበት ወይም ሁሉም ዝም ባሉበት ስፍራ ግን እውነተኛው ርእስ ይገኛል። የራሱ አሳብ ትክክል አለመሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ያገኘ እንደ ሆነም ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ያንብብ።

የትምህርት ቤት ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። አሮጌው የተማሪዎች መዝገብ፥ የተቈጣጣሪው ሪፖርትና የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ለስኳር መጠቅለያ ከተሸጠ፥ ነገ የሚመጣው ተመራማሪ የሚያመሳክረው ነገር አያገኝም። የፓኤዝ መጽሐፍ ቢዘገይም ተጠብቆ ስለ ኖረ በመጨረሻ ለፍርድ በቃ፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይመሰክርም። ስለዚህ ዕጩዎቻችንን ጥያቄ ስንጠይቃቸው፥ መልሱ የሚገኝበትን ሰነድም እንጠብቅላቸው።