ሰው ያልሞተበት አደጋ

ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ከሰዓት በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላኖች ከሱሩጋ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ለጥቂት ተላለፉ። በረራ ቁጥር 907፣ ቦይንግ 747፣ ከቶኪዮ ተነሥቶ ወደ ኦኪናዋ ከፍታ እየጨመረ ነበር። በረራ ቁጥር 958፣ ዲሲ-10፣ ከደቡብ ኮርያዋ ቡሳን ወደ ናሪታ ይመጣል። በሁለቱ ውስጥ 677 ሰዎች ነበሩ። ራዳሩ ላይ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ ገና በልምምድ ላይ ነበር፤ 958ን «ውረድ» ለማለት አስቦ 907ን «ውረድ» አለ። አሠልጣኟ ጣልቃ ገብታ ስታርም ደግሞ «957» ብላ ተጣራች። በዚያ ቁጥር የሚበር አውሮፕላን በሰማዩ ላይ አልነበረም።

በዚህ መሐል ቲካስ የሚባለው፣ በየአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ግጭት መከላከያ መሣሪያ፣ 907ን «ውጣ»፣ 958ን «ውረድ» ሲል አዘዘ። የ958 አብራሪ መሣሪያውን ሰማ። የ907 አብራሪ ግን መውረድ ጀምሮ ስለነበር የተቆጣጣሪውን ቃል ይዞ ቀጠለ። ሁለቱም ወደ ታች ሆኑ። ያዳናቸው የጠራው ሰማይ ነው፤ የ907 አብራሪ ሌላውን አውሮፕላን በዓይኑ አይቶ አፍንጫውን ደፍቆ ከሥሩ ሾለከ። መርማሪዎች በመካከላቸው የነበረውን ርቀት 135 ሜትር ገደማ ብለው ገምተውታል። የመጠጥ ጋሪዎች ጣሪያ መቱ፤ 100 ያህል ሰዎች ተጎዱ፤ የሞተ አልነበረም።

ከዚያ ቀን የተረፈው ጥያቄ አንድ ነው፦ መሣሪያውና ሰው ሲለያዩ ማን ይሰማ? የዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገረም ነበር። መልሱ ከ17 ወራት በኋላ መጣ። ጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት፣ በደቡብ ጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ፣ ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና የሚበር ቱፖሌቭ-154 ከአንድ ዕቃ ጫኝ ቦይንግ 757 ጋር ተጋጨ። ታሪኩ የሱሩጋ ቅጂ ይመስላል። ቲካስ የቱፖሌቩን ሩሲያውያን አብራሪዎች «ውጡ» ሲላቸው ከዙሪክ ተቆጣጣሪው «ውረዱ» አላቸው፤ ተቆጣጣሪውን ሰሙ። 757ቱ መሣሪያውን ሰምቶ ወረደ። ተቆጣጣሪው በዚያ ሌሊት ሁለት የሥራ ቦታ ብቻውን ይዞ ነበር፤ ዋናው ስልክ ለጥገና ተዘግቷል፤ አደጋውን ቀድመው ያዩት የካርልስሩኸ ባልደረቦቹ ቢደውሉ ሊያገኙት አልቻሉም። 71 ሰዎች ሞቱ፤ 52ቱ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ።

አብራሪ ተቆጣጣሪውን ትቶ ቲካስን እንዲከተል የሚያዘው ጥብቅ ደንብ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው። 677 ሰዎች በሕይወት ወርደው ትምህርቱን በነፃ ሰጥተው ነበር።

መሣሪያው ራሱ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1956 ከሎስ አንጀለስ በደቂቃዎች ልዩነት የተነሡ ሁለት አውሮፕላኖች በ21,000 ጫማ ላይ ከግራንድ ካንየን በላይ ተጋጭተው 128ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ። ሁለቱ በአንድ ከፍታ ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አካባቢ ለአብራሪዎቹ የማስጠንቀቅ ግዴታ አልነበረበትም። አሜሪካ በ1958 የበረራ ባለሥልጣኗን በአዲስ ሕግ ያቋቋመችው ይህን ተከትሎ ነው። ሞሬል የተባለው የቤንዲክስ ኩባንያ ሳይንቲስት ደግሞ በዚያው ዘመን ለግጭት መከላከያ መሠረት የሚሆነውን ሐሳብ አቀረበ፦ ርቀትን ሳይሆን ለመገናኘት የቀረውን ጊዜ ለካ። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች በደቂቃ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራረባሉና ስሌቱ ትክክል ነበር። ሕጉ ግን ደም ጠበቀ። በ1986 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ሴሪቶስ ላይ አንድ አነስተኛ የግል አውሮፕላን ከኤሮሜክሲኮ ዲሲ-9 ጋር ተጋጭቶ 82 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1987 ቲካስን ግዴታ አደረገ።

ለጥቂት መትረፍን የሚያወራ ሰው ግን ማን ይሰማዋል? በ1974 ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ሊያርፍ የነበረ የቲደብሊውኤ አውሮፕላን ወደ ማረፊያው የመቃረብ ፈቃዱን ውረድ ማለት አድርጎ ተረድቶት ተራራ መታ፤ 92 ሰዎች ሞቱ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው አባባል ተሳስተው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ኩባንያው የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው ለጎረቤት አልደረሰም። በአሜሪካ በ1976 የተጀመረው የስህተት ማሳወቂያ ሥርዓት የተወለደው ከዚህ ቁጭት ነው። ብልሃቱ ሪፖርቱን የሚቀበለው ቀጪው ባለሥልጣን ሳይሆን ናሳ መሆኑ ነው፤ ስም ይፋቃል፤ ሳያስብ የተሳሳተ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ከተናገረ ከቅጣት ይድናል። እስከ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ገብቷል።

ጃፓን ሌላውን መንገድ ሄደች። የሱሩጋው ተለማማጅና አሠልጣኟ በወንጀል ተከሰሱ፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ነፃ ወጡ፤ በይግባኝ ተፈረደባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2010 ፍርዱን አጸና። የተጎዱት ሰዎች ፍትሕ መሻታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ነገ «ዛሬ ቁጥር አሳስቼ ጠራሁ» ብሎ በፈቃዱ የሚናገር ተቆጣጣሪ ከየት ይመጣል?

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ነገሩ ይጠብባል። የአፍሪካ ሰማይ ራዳርም ሬዲዮም የማይደርስበት ሰፊ ቦታ ስላለው፣ አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ ያሉበትን ቦታና ከፍታ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ከ1991 በኋላ የሶማሊያ ሰማይ ለብዙ ዓመታት ከናይሮቢ ሲመራ ቆይቶ በ2017 መጨረሻ ወደ ሞቃዲሾ ተመለሰ። ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ በፈረመችበት በ2024 መጀመሪያ ግን ያ ሰማይ ሁለት ጌታ አበጀ። ሞቃዲሾ ከሀርጌሳ ያለ ፈቃድ የሚተላለፍ ትእዛዝ አብራሪዎችን ያደናግራል አለች። በማርች ወር ደግሞ የሶማሌላንድ ባለሥልጣን የሞቃዲሾ ተቆጣጣሪዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድንና የኳታር አየር መንገድን አውሮፕላኖች በአንድ 37,000 ጫማ ላይ አገናኝተዋቸው እንደነበር፣ የኳታሩም ከፍ ብሎ እንዳመለጠ በመግለጫው ከሰሰ። ሱሩጋ ላይ መርማሪዎች የእያንዳንዱን ሴኮንድ ንግግር አስቀምጠው ነበር። እዚህ ግን ለጥቂት መትረፉ ገና ከመሰማቱ ሰማዩ የማን ነው ለሚለው ሙግት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።